ልጓሙ በማን እጅ ነው? መለዋወጫ ለመቅረጽ ሶፍትዌር ለምትመርጡ የቆሰበር ልጆች

ወገን፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። ከአውራ ጣት አትበልጥም። ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመት ድንች በእሷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ባለፈው ክረምት ነው። አጎቴ ከቆሰበር ወጣ ብላ ባለች ማሳው ላይ ድንች ተክሏል። የእኛን አገር ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናብና ጉም ሲደራረብ የድንች ቅጠል በጥቂት ቀን ይጠቁራል። መድኃኒት በጊዜው ካልተረጨ በሽታው እስከ ታች ይወርዳል። አጎቴ በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ አንስቶ ሊወጣ ሲል የእጀታው ማገናኛ ቀጭ አለች። ታንከሩ ደህና፣ ፓምፑ ደህና፣ ቱቦው ደህና። አንዲት ማገናኛ ተሰበረችና ሙሉው ዕቃ ጥግ ተጣለ።

ገበያ ወጥተን ጠየቅን። "እሷ ለብቻዋ አትመጣም፣ አዲስ መርጫ ግዙ" ተባልን። ዳንግላ ደወልን፣ ያው መልስ። አጎቴ በሽቦ አስሮ ሞከረ፣ ብዙም ሳይሄድ ተፈታበት። በመጨረሻ ከጎረቤት ተውሶ ረጨ፤ ያውም ጎረቤቱ የራሱን እስኪጨርስ ሦስት ቀን ጠብቆ። በሦስቱ ቀን የማሳው አንድ ጥግ ሄደ።

እኔ ያቺን ስባሪ ኪሴ ከትቼ ቤት ገባሁ። "ይቺን እኮ እኔ ልሠራት እችላለሁ" አልኩ። ተማሪ እያለሁ ክራክ በተደረገ ሶፍትዌር ስንት ነገር ስያለሁ። ላፕቶፑን ከፈትኩት። ፎርማት ከተደረገ ወዲህ ሶፍትዌሩ የለም። የድሮ ፋይሎቼ ተደርድረዋል፣ የሚከፍታቸው ግን ጠፋ። የሁለት ዓመት ልፋቴ በር ተቆልፎበት ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከተሰበረችው ማገናኛ ይልቅ ያናደደኝ ይሄ ነው።

ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው። በየግሩፑ "የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?" እያላችሁ ስትጠይቁ አያለሁ። መልሱም "እከሌን አውርድ፣ ክራኩ እዚህ አለ" ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና መልሱ ስህተት ነው።

ጉዳዩ የአንድ መርጫ ጉዳይ አይደለም

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተከትሎት ወጣ። እኛ ደግሞ ምን ከውጭ የማይመጣ አለን? የስፌት መኪናው፣ የጁስ መፍጫው፣ የውኃ ፓምፑ፣ የባጃጁ ዕቃ፣ የትምህርት ቤቱ ወንበር እግር ላይ ያለችው ፕላስቲክ ሳትቀር። ሙሉ ዕቃ የሚጣለው ሙሉው ስለተበላሸ አይደለም፤ ትንሿ ስለጠፋች ነው።

የትንሿን ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ ቀርጾ በስሪዲ ፕሪንተር ማተም አሁን የሀብታም አገር ጨዋታ አይደለም። እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ዩኒቨርሲቲ፣ አድሪያን ቦየር የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ2005 ሬፕራፕ የተባለውን ፕሮጀክት ሲጀምር ሐሳቡ የራሱን ክፍሎች ማተም የሚችል፣ ንድፉም ለማንም ክፍት የሆነ ማሽን ነበር። የዋናው አተም ዘዴ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2009 ጊዜው ሲያልፍ ዋጋው ወረደ፣ ማሽኑም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሆነ። እንግዲህ ማሽኑን አንድ ሰው ይገዛዋል፣ አንድ ኮሌጅ ያመጣዋል። ቅርጹን ግን ማን ይሠራዋል? ቅርጹ ከሌለ ፕሪንተር ማለት ዱቄት የሌለው ምጣድ ነው።

"በነጻ" እና "ነጻ" ይለያያሉ

ቋንቋችን እዚህ ላይ ይረዳናል። "በነጻ" የተሰጠህ ነገር ገንዘብ አልከፈልክበትም ማለት ነው። "ነጻ" የሆነ ነገር ግን ማንም አይነጥቅህም ማለት ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

የሰባት ቤት አገው ልጅ ይህን በፈረስ ይገባዋል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም ከተመሠረተ ጀምሮ በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሰኞቹን ያያችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ በተውሶ ፈረስ ላይ ተቀምጠህ ልጓሙን ባለቤቱ ከያዘው ጋላቢ አይደለህም፣ ጭነት ነህ። ሶፍትዌርም እንደዚያው። ስትመርጥ መጀመሪያ "ልጓሙ በማን እጅ ነው?" በል።

ይህን የምለው በግምት አይደለም፣ የሆነውን ላሳያችሁ።

ቲንከርካድ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ለጀማሪ እጅግ ቀላል የሆነ መቅረጫ ነው። በ2013 ባለቤቶቹ ሊዘጉት መሆኑን አስታወቁ። ተጠቃሚው ሁሉ "ሥራዬስ?" ብሎ ተደናገጠ። አውቶዴስክ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ገዛውና ተረፈ። እሰየው፣ ግን የተረፈው በገዢው ፈቃድ ነው።

ስኬችአፕን ጎግል በ2006 ገዝቶ በነጻ ሲያድለው ቆየ፣ በ2012 ትሪምብል ለተባለ ኩባንያ ሸጠው። ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የሚሠራው ነጻ ቅጂ የ2017ቱ የመጨረሻው ሆነ። ከዚያ ወዲህ በነጻ የምትፈልግ በብራውዘር ግባ ተባለ።

ፊውዥን 360 በጣም ጎበዝ ሶፍትዌር ነው፣ አልክድም። ለግል መጠቀሚያ ሲባል በነጻ ይሰጥ ነበር፣ አሁንም ይሰጣል። ግን በ2020 ደንቡ ተቀየረ፤ በአንድ ጊዜ ማስተካከል የምትችላቸው ፋይሎች አሥር ብቻ ሆኑ። ኦንሼፕ ደግሞ በብራውዘር ይሠራል፣ በነጻው መለያ የሠራኸው ሁሉ ግን ለዓለም ሕዝብ ክፍት ነው፤ ለንግድ ሥራም አልተፈቀደልህም።

ኩባንያዎቹን አልረግምም። ንብረታቸው ነው፣ እንደፈለጉ ያደርጉታል። ጥያቄው እኛ በሰው ንብረት ላይ ምን ያህል ቤት እንሥራ የሚለው ነው።

አሁን በሌላ በኩል ብሌንደርን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የሠራው ኩባንያ ከሰረ፣ ተዘጋ። ተጠቃሚዎቹ ምን አደረጉ? በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን ከባለሀብቶቹ ገዝተው ለሁሉም ሰው ነጻ አወጡት። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዛሬም የትልልቅ ፊልም ሠሪዎች መሣሪያ ነው። እኛ ዕቁብና ዕድር የምናውቅ ሕዝብ ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለንም። የጋራ የሆነ ነገር ባለቤቱ ሲሞት አብሮ አይቀበርም።

ስንመርጥ አራት ጥያቄ

1ኛ. ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ? ይህ ለእኛ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንዴት እንደነበርን ሁላችንም እናውቃለን። ያኔ ሥራው በብራውዘር የታሰረ ልጅ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ላፕቶፑ ላይ የተጫነ መሣሪያ የያዘው መብራት እስካለ ድረስ ሠራ።

2ኛ. ፋይሉ የእኔ ነው ወይ? ከአምስት ዓመት በኋላ ማንንም ሳላስፈቅድ እከፍተዋለሁ ወይ?

3ኛ. በዚህች አሮጌ ላፕቶፕ ይነሳል ወይ? ሁላችንም አዲስ ማሽን የለንም።

4ኛ. ልኩን መቀየር ቀላል ነው ወይ? የመለዋወጫ ሥራ ነፍሱ ልክ ነው። 8 ሚሊሜትር የነበረውን 8.3 ለማድረግ ሁሉን ነገር አፍርሼ እጀምራለሁ ወይስ አንድ ቁጥር ብቻ እቀይራለሁ?

በእነዚህ ስንመዝን

ቲንከርካድ፦ ለመጀመሪያው ሳምንት ተጠቀሙበት። ሳጥንና ሲሊንደር እየጎተትክ ትደምራለህ፣ ትቀንሳለህ። ታናሽ እህትህ እንኳ በአንድ ከሰዓት ትለምደዋለች። ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ውስብስብ ነገር ላይም ይደክማል። መድረሻ ሳይሆን መነሻ ነው።

ብሌንደር፦ የነጻነቱን ታሪክ ወድጄዋለሁ፣ ለመለዋወጫ ግን አልመክርም። እሱ የተሠራው ለሥዕል፣ ለአኒሜሽን፣ ለፊልም ነው። ሐውልት ልቅረጽ ካልክ ብሌንደር፣ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ልሥራ ካልክ ሌላ።

ኦፕንስካድ፦ በአይጥ አትስልም፣ በጽሑፍ ታዛለህ። ኮዲንግ የቀመሳችሁ ልጆች ትወዱታላችሁ። ልኩ ሁሉ ቁጥር ነው፣ ፋይሉም ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በቴሌግራም መልእክት ኮፒ አድርጎ መላክ ይቻላል። ኮድ ላልነካ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ያስመርራል።

ሶልቭስፔስ፦ ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁትም። ጥቂት ሜጋባይት የሆነ አንድ ፋይል ነው፤ በፍላሽ ይዘኸው ትዞራለህ፣ መጫን እንኳ አይፈልግም። ላፕቶፕህ ያረጀች ከሆነች ይህን ሞክር። የጠርዝ ማለስለስ ሥራ ላይ ደካማ ነው፣ ለቀላል ማገናኛና መያዣ ግን ይበቃል።

ፍሪካድ፦ ምርጫዬ ይሄ ነው። ከ20 ዓመት በላይ በበጎ ፈቃደኞች የተገነባ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ልኩን በቁጥር የሚይዝ። መጀመሪያ ጠፍጣፋውን ንድፍ ትስላለህ፣ ልኩን ትጽፋለህ፣ ታወፍረዋለህ፣ ትበሳዋለህ፣ ጠርዙን ታለሰልሳለህ፣ አለቀ። ሐሳብህ ከተቀየረ ወደ ኋላ ተመልሰህ ቁጥሩን ብቻ ትቀይራለህ። ድሮ አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው፤ መሠረቱን ስትነካው ላዩ ይፈርስብሃል። ኅዳር 2017 ዓ.ም በወጣው 1.0 ስሪት ይህ ችግር በአብዛኛው ተቃልሏል። "ፍሪካድ አያሠራም" የሚሏችሁ ብዙዎቹ የድሮውን የሞከሩ ናቸው።

ቀርጻችሁ ስትጨርሱ ለፕሪንተሩ የሚያዘጋጁት ኩራና ፕሩሳስላይሰርም ሁለቱም በነጻ የሚገኙ፣ ኮዳቸው ክፍት የሆኑ ናቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትሰርቅና ሳትለምን መሥራት ትችላለህ ማለት ነው።

"ፍሪካድ ይከብዳል" ለምትሉ

አዎ፣ ይከብዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ትሳደባላችሁ፣ እኔም ተሳድቤያለሁ። ግን ክራክ የሆነውም እኮ ቀላል አልነበረም! ያኔም ሦስት ወር ተምረን ነው። ሦስት ወር ካልቀረ ማንም በማይነጥቀን ነገር ላይ ይሁን።

"ክራኩ እኮ ብር አያስከፍልም" የሚል አለ። ብር አያስከፍልም፣ ቫይረስ ግን ይጭናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገ በእሱ ሠርተህ ንግድ ፈቃድ ልታወጣ፣ ከድርጅት ጋር ውል ልትፈራረም ስትል በተሰረቀ መሣሪያ እንደምትሠራ ታውቀዋለህ። ቀና ብሎ መሄድ የሚፈልግ ወጣት አንገቱን በሚያስደፋ ነገር አይጀምርም።

"ቆሰበር ውስጥ ፕሪንተር የት አለና?" የሚልም አለ። ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በራሴ ልመልስ።

የአጎቴ ማገናኛ እንዴት ተሠራች

የተሰበረችዋን በካሊፐር ለካሁ። ካሊፐር ከሌላችሁ ግዙ፤ ከማንኛውም ሶፍትዌር በፊት የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ አባቶቻችን። ሶፍትዌሩም ፈረስ ነው፣ የሚዋጋው የለካው እጅ ነው። በማስመሪያ "በግምት ስምንት" ያልክ ቀን ማንም ሶፍትዌር አያድንህም።

በፍሪካድ ሳልኳትና ፋይሉን ባሕር ዳር ላለ ጓደኛዬ በቴሌግራም ላክሁለት። ከቆሰበር ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፋይሉ በደቂቃ ደረሰ፣ የታተመችው ቁራጭ በማግስቱ በሚኒባስ ረዳት እጅ መጣች።

የመጀመሪያዋ አልገባችም። ዘንጉ 8 ሚሊሜትር ስለሆነ ቀዳዳውንም 8 አድርጌው ነበር። የታተመ ቀዳዳ ሁልጊዜ ትንሽ ይጠባል፣ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ክፍተት መተው ያስፈልጋል። 8.3 አልኩት። የቀየርኩት አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ሁለተኛዋ ገባች፣ ግን በአሥር ደቂቃ ተሰበረች። ቁማ ታትማ ስለነበር ነው። የታተመ ዕቃ እንደ እንጨት ነው፣ እንደ ጭረቱ ይሰነጠቃል። ሦስተኛዋን አስተኝተን አተምናት፣ ውፍረቷን ከ4 ወደ 6 አደረግሁት፣ ሹል ጥጓን አለሰለስኩት። ፕላስቲኩንም ቀየርን፤ ፒኤልኤ የሚባለው ርካሹ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ፀሐይ ላይ ለሚውል ዕቃ አይሆንም። ፒኢቲጂ የሚባለው ይሻላል።

ሦስተኛዋ እስከ ዛሬ እየሠራች ነው። አጎቴ አገላብጦ አያትና "ይቺን ነው ቁጭ ብለህ ስትጽፋት የነበረው?" አለኝ። "ስትጽፋት" ማለቱን ወድጄዋለሁ።

አሁን ፋይሉ እኔ ጋ አለ። የዚያ ዓይነት መርጫ ያለው ገበሬ በአዊ ዞን ስንት ነው? ማገናኛዋ ለሚቀጥለው ሰው ስትሰበር መለካትም መሳልም አያስፈልግም። አንዴ የተቀረጸ ለዘላለም የተቀረጸ ነው፣ የሚከፍተው ሶፍትዌር የማይነጠቅ እስከሆነ ድረስ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የማይታተም አለ። የባጃጅ ፍሬን፣ የመሪ ዕቃ፣ የግፊት ጋን፣ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚነካው ነገር፣ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚገባ የሕክምና ዕቃ፣ እነዚህን ቤት ውስጥ ቀርጾ ማተም ጀግንነት አይደለም። ብትሰበር ማን ይጎዳል ብለህ ጠይቅ። መልሱ "ሥራ ይዘገያል" ከሆነ አትም። "ሰው ይሞታል" ከሆነ ተወው።

ጋፋትን አንርሳ

ሕዝባችን በእጅ ሥራ አዲስ አይደለም፣ የእጅ ሠሪን በማክበር ግን ወድቀናል። ማረሻችንን የሚቀጠቅጠውን፣ ማሰሯችንን የምትሠራዋን "ጠይብ"፣ "ቡዳ" እያልን ኖርን። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። ዛሬም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወንበር የሚጠብቅ እንጂ ዕቃ የሚፈታ ልጅ ስናይ "ምነው ሥራ አጣ እንዴ?" እንላለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል ተወለደ፣ እስከ መቅደላ ተጎተተ። ታላቅ ሥራ ነበር። ግን ዕውቀቱ በዋናነት በአውሮፓውያን ሠሪዎች እጅ ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲወድቁና ሠሪዎቹ ሲሄዱ የመድፍ ሥራው አብሮ ቆመ። መድፉ ቀረ፣ መሥራቱ አልቀረም። እኔ ከጋፋት የምማረው ይህን ነው፤ የሚያኮራው የተሠራው ዕቃ ብቻ አይደለም፣ ነገ ደግሞ መሥራት መቻል ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ በዚህ ሳምንት እንዲህ አድርጉ። ከቤታችሁ አንድ የተሰበረ ትንሽ ፕላስቲክ ፈልጉ። ለኩት። ኢንተርኔት ካለ በቲንከርካድ ሞክሩት። ቀጥሎ ፍሪካድን አንዱ ያውርድና በፍላሽ ለአሥር ይስጥ፤ ይህን መቅዳት ስርቆት አይደለም፣ ፈቃዱ ራሱ "አካፍል" ይላል። ያንኑ ዕቃ በፍሪካድ ደግማችሁ ሳሉት። ሁለት ሳምንት ተሳደቡ፣ ከዚያ ትለምዱታላችሁ።

ኢንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ፣ በኮሌጁ ያላችሁ፣ ዳንግላም ያላችሁ፣ የሠራችሁትን ፋይል አትደብቁ። የመርጫው፣ የስፌት መኪናው፣ የፓምፑ ቁራጭ በአንድ ቦታ ቢሰበሰብ ለዞናችን የመለዋወጫ መደብር ማለት ነው፣ ያውም ኪራይ የማይከፈልበት።

ደግሞ ክረምት ይመጣል፣ ጉሙም ይወርዳል፣ የሆነ ሰው መርጫም ቀጭ ትላለች። ያኔ "ለብቻዋ አትመጣም" ሲሉን፣ "ግድ የለም፣ እኛ ጋ አለች" እንበላቸው።

ላልደረሰው አድርሱ።